ከእኔ ቀጥላችሁ በሉ

መምህር ምስጋናው ተማሪውን አለበልን ሌባ ብሎ የሰደበው በአማርኛ ነው። ይህ ነገር ኋላ ብዙ ጣጣ ስላመጣ ከወዲሁ ቢታወቅ ይሻላል። ምስጋናው የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ሲያስተምር በእንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ሲቀልድም በእንግሊዝኛ ይቀልዳል፣ ቀልዱ ስለማይገባ የሚስቅለት የለም። ሲናደድ ግን እንደማንኛውም የጎጃም ሰው በእናቱ ቋንቋ ነው የሚናደደው።

ነገሩ የሆነው በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ነው። ምስጋናው የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት አንዲት ቴፕ ነበረችው። ክፍሎቹ መብራት ስላልገባላቸው ቴፗ የምትሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው። ምስጋናው እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃታል፤ ከእሱ በቀር የሚነካትም የለም። አንድ ሰኞ ጧት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቹ ሁለት እንግሊዞች ስለ ዝናብ ሲያወሩ ሊያሰማቸው ቴፗን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ቁልፏን ቢጫን ዝም አለችው። ገልብጦ ሆዷን ቢከፍት ባዶ ነው።

ያን ጊዜ ነው አለበል ደብተር ሊያወጣ ቦርሳውን ሲከፍት የእጅ ባትሪው ብቅ ያለው። አለበል ከክፍሉ ተማሪ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል፤ ጢሙን አውጥቷል። ዲማ ቅኔ ሲማር ኖሮ፣ ዲቁናውንም ተቀብሎ፣ ዘመናዊ ትምህርት ያማረው ዘግይቶ ነው። ከተማው ዳር መብራት የሌለው ክፍል ተከራይቶ በእጅ ባትሪ ያጠናል። እንግሊዝኛውን ቅኔ በለመደበት መንገድ እያገላበጠ ስለሚያጠናው ክፍሉን ይመራል፤ ምስጋናውም ይህን ልጅ በልቡ ይወደው ነበር። የሚወዱት ሰው ሲያጠፋ ንዴቱ ይበረታል። አጥፍቶ ባይሆንስ ብሎ የሚጠይቅ ደግሞ የለም።

ምስጋናው ባትሪውን ከቦርሳው ነጥቆ ከፈተው። በውስጡ ሁለት ቀያይ ድንጋዮች አሉ። የቴፗም ድንጋዮች ቀያይ ነበሩ። በከተማው ያለ ሱቅ ሁሉ የሚሸጠው ይህንኑ ቀይ ድንጋይ ነው፤ ቴፗ ደግሞ ስድስት ትጎርሳለች፤ የቀሩት አራቱ የት ገቡ? እነዚህን ሁሉ ሊያስብ ይችል ነበር። አላሰበም። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ሰባ ተማሪ እየሰማ፣ «ዲማ ያስተማሩህ ይህንን ነው? ሌባ» አለው።

አለበል መምህር ሲያናግረው መቆም ስላለበት ቆሞ ነበር። ተቀመጥ እስኪባል ጠበቀ፤ ተቀመጥ የሚለው ቢያጣ ራሱ ተቀመጠ።

ሁለት ቀን ቆይቶ ምስጋናው ከመምህራን ማረፊያ ጀርባ ሲያልፍ በመስኮቱ ደፍ ላይ ስድስት ቀያይ ድንጋዮች ተደርድረው ፀሐይ ሲሞቁ አየ። ማን እንዳሰጣቸው ለማስታወስ ጊዜ አልፈጀበትም። ዓርብ ዕለት ቴፗ ድምፅዋ እየጎተተ ስላስቸገረችው፣ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቶ ነፍስ መዝራት የሁሉም ሰው ዘዴ ነውና፣ በገዛ እጁ አውጥቶ ደርድሯቸው፣ ደወል ሲደወል ረስቷቸው ሄዷል። አንስቶ ኪሱ ከተታቸው። በደንብ ሞቀዋል።

ወዲያው ክፍል ገብቶ «ተሳስቻለሁ» ማለት ይቻል ነበር። ምስጋናው በሩ ድረስ ሄደ። በሩ ላይ ግን ሰባው ራስ ታየው። እሱ ተማሪ በነበረበት ጊዜ ያስተማሩት ሁሉ ያለ ጥፋቱ በጥፊ መትተውታል፤ አንዳቸውም ይቅርታ ጠይቀውት አያውቁም። መምህር ተማሪን ይቅርታ ሲጠይቅ ያየ ሰው ካለ እሱ አልተገናኘውም። ተመልሶ ወደ ማረፊያው ሄደና ለራሱ ልዩ ልዩ ምክንያት ሰጠ፤ እውነቱ ግን ፈርቷል። ተማሪዎቹን ፈርቷል።

ከትምህርት ቤት ሲመለስ በመንገድ ላይ መላ መጣለት። በእንግሊዝኛ ይለዋል።

በአማርኛ ይቅርታ አንዲት ናት፤ አንዲት ብትሆንም ብቻዋን አትመጣም። ሽማግሌ ታስከትላለች፣ ጉልበት ታስማለች፣ ነገሩ የከፋ እንደሆነም ድንጋይ ማጅራት ላይ ታሸክማለች። የተበደለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪል ድረስ በዳዩ ቀና አይልም። ምስጋናው የተወለደው አማኑኤል ከተማ ነው፤ አባቱ ስንቱን ሲያስታርቁ እያየ ስላደገ ይህን ሁሉ ያውቃል። እንግሊዝኛ ግን ለይቅርታ ሱቅ ከፍቷል። ገብቶ ማማረጥ ነው።

ቤት ደርሶ መጽሐፉን ገለጠና ማማረጥ ጀመረ። ሚስቱ እቴናት ሽንኩርት እየከተፈች ታየዋለች። እቴናት ፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ሰው ሲካሰስም ሲታረቅም ስትጽፍ ስለምትውል እቤቷ ስትገባ የሚያስደንቃት ነገር ጥቂት ነው።

«ሶሪ ብለውስ?» አላት።

«በለው።»

«ሶሪ ቀለለች።» ችግሯም ይኸው ነው። ገበያ ላይ ትከሻ ለትከሻ የተገፋፋ ሁሉ ሶሪ ይባባላል፤ ጋሪ ነጂው እንኳ ጭቃ ከረጨ በኋላ ሶሪ ብሎ ይነዳል። እንግሊዞቹ ደግሞ ለቅሶ ሲደርሱም ሶሪ ነው የሚሉት፤ የገደለውም ያልገደለውም እኩል ሶሪ ነው። ሌባ የተባለ ሰው በዚህ አይካስም። «ኤክስኪዩዝ ሚ»ን አነሣ። እሷ ቀድማ የምትባል ናት፣ ልለፍ ወይም ላቋርጥ ለሚል ሰው። ተሳድቦ ሲያበቃ ኤክስኪዩዝ ሚ ማለት ሌላ ስድብ ሊመጣ ነው ብሎ እንደ ማስጠንቀቅ ይሆናል። «ፓርደን» አጥርቶ ያልሰማ ሰው ይላታል፤ እዚህ ያልሰማ የለም። «ሪግሬት» ጥሩ ነበረች፣ ጸጸት አለባት። ነገር ግን ምስጋናው ውጭ አገር ለመማር ያመለከተ ጊዜ አንቀበልህም የተባለው በእሷ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ አይወዳትም። የቀረችው «አፖሎጃይዝ» ናት። ረጅም ናት፣ ካባ የደረበች ናት፣ መንግሥትና መንግሥት የሚባባሏት ናት። ሲላት ደግሞ ምላሱን ምንም አልከበደችውም። ይህ ሁለተኛው ነገር ነው በይበልጥ የወደደላት።

«አፖሎጃይዝ ትሻላለች» አለ።

እቴናት ቢላዋዋን አቁማ፣ «የምትመርጠው ለልጁ የምትስማማውን ነው ወይስ ላንተ የምትቀልህን?» አለችው።

ምስጋናው ያልሰማ መስሎ መጽሐፉን ገለበጠ። ፓርደን ቢላት ቦታዋ ነበር።

በማግሥቱ ገና ያልደረሱበትን የይቅርታ ምዕራፍ ወደ ፊት አምጥቶ ማስተማር ጀመረ። ሰሌዳው ላይ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ጻፈ፤ አርፍዶ ለመጣ ሰው የሚሆን፣ ብርጭቆ ለሰበረ የሚሆን፣ እግር ለረገጠ የሚሆን። ተማሪዎቹ እየጻፉ ይከተሉታል። አለበል በስተኋላ ተቀምጦ እሱም ይጽፋል። በመጨረሻ ምስጋናው ጠመኔውን አስቀምጦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አለበልን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኑን እያየ፣ «አይ አፖሎጃይዝ ፎር ኮሊንግ አለበል ኤ ቲፍ» አለ። አለበልን ሌባ ስላልሁት ይቅርታ እጠይቃለሁ ማለት ነው። ድንጋዩን ያሰጣው ማን እንደ ሆነ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አልገባም። ምስጋናው ብሎ ሲጨርስ ዝም አለ።

ችግሩ ዝም ማለቱ ነው። ይህ ክፍል ምስጋናው አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ብሎ ዝም ሲል ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። «ከእኔ ቀጥላችሁ በሉ» እያለ ሲያስለምዳቸው ኖሯል፤ አሁን አሁንማ ማዘዝም አያስፈልገው። ሰባው ተማሪ ደረቱን ነፍቶ፣ «አይ አፖሎጃይዝ ፎር ኮሊንግ አለበል ኤ ቲፍ» ብሎ አስተጋባ። የመጀመሪያው ዙር ሁልጊዜም ስለሚዝረከረክ ሁለተኛ ማለት ልማዳቸው ነው። ደገሙት። ከልማድ ብዛት የምስጋናው እጅ ራሱ ተነሥቶ መራቸው፤ «ቲፍ» ላይ ሲደርሱ ጠበቅ አድርጉ ብሎ ወደ ታች ወረደ።

አለበል አብሮ አላለም።

ከክፍል ሲወጣ በቀጣዩ ክፍል ጂኦግራፊ የሚያስተምረው ታዲዮስ አገኘው። ታዲዮስ ከሸዋ የመጣ፣ ሰው ሲጨነቅ ማየት የሚወድ ሰው ነው። «ሌባውን በደንብ አስጠናሃቸው» አለው። «የእኔም ክፍል ይቀበላችሁ ነበር። ዓባይን አቁሜ ነው የጠበቅኋችሁ።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸ ነው። ሰኞ ዕለት ሌባ መባሉን የሰማው አንድ ክፍል ነበር፤ አሁን ግቢው በሙሉ ሰማ። ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ተማሪው ሁሉ አጥርቶ የሚያውቀው «አለበል» እና «ቲፍ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ነው። የቀረውን ሁሉም በየአቅሙ ሞላው፤ መምህሩ ሌብነቱን በእንግሊዝኛ አጸናው፣ ከባድ ሌብነት ቢሆን ነው አሉ። ዓርብ ሲደርስ አለበል «አፖሎጃይዝ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። በበር ሲገባ ይሉታል፣ ውኃ ሊጠጣ ቧንቧ ጋ ሲሄድ ይሉታል። ምስጋናው አንድ ሁለት ጊዜ በጆሮው ሰምቶ ተሳዳቢዎቹን ሊገሥጽ አፉን ከፈተ። ምን ብሎ እንደሚገሥጽ ስላጣ ዘጋው።

በሚቀጥለው ሳምንት የአለበል መቀመጫ ባዶ ሆነ። ምስጋናው ለአለበል ክፍል ያከራየችው ሴት ዘንድ ሄዶ ቢጠይቅ፣ «ምንጣፉን ጠቅልሎ አገሩ ገባ» አለችው። «ወደ ቅኔው ተመልሷል መሰል።» ይህን ስትለው በሯን ገርበብ አድርጋ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቀልድ መሆኑ ቀረ። የማትሪክ ምዝገባ ሊዘጋ ከሳምንት ብዙ አይርቅም፤ ያልተመዘገበ ዘንድሮ አይፈተንም፤ በዚያ ዕድሜው ከሄደ ደግሞ በሚመጣው ዓመት ይመለሳል ብሎ የሚያምን የለም። ምስጋናው ይመጣል እያለ ጥቂት ቀን ጠበቀ። ቤቱ ሲገባ ምግብ እየተወ ይነሣ ጀመር። እቴናት አይታ አይታ፣ «ልጁ ማትሪኩ ሲያልፈው በየትኛዋ ነው የምትክሰው?» አለችው። «በረጅሟ ነው ወይስ ከእሷ የምትረዝም አለች?»

ቅዳሜ ማለዳ ተነሥቶ ወደ ዲማ ሄደ። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ በእግሩ። መንገዱ ረጅም ስለነበር «ሪግሬት»ን እንደ ገና አንሥቶ አሰበባት። የጤፍ ክምር ሲወቃ እያየ፣ ላገኘው ሰው ሁሉ «እንደምን ዋላችሁ» እያለ አሰበባት። ዲማ ሊደርስ ሲል ጣላት። ቅኔ ቤት ድረስ የሚሄድ እንግሊዝኛ አልነበረውም።

የደረሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ተማሪው ሁሉ ቀን ያወጣውን ቅኔ ተራ በተራ ለመምህሩ የሚነግርበት ሰዓት ነበር። የኔታ አካለ ወልድ ግድግዳ ተደግፈው ቁርበት ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ምንም አልሆነም። ደበሎ የለበሱ ተማሪዎች በፊታቸው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። አለበልም ደበሎውን ለብሶ ከመካከላቸው አለ። ምስጋናውን አይቶ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ፤ ከተራው ግን አልወጣም። በዚህ ሰዓት መሐል መግባት ነውር ነው። ምስጋናው የሚያደርገው ቢጠፋው ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ።

ተራው እየተገፋ መጣ። አንዱ ቅኔው ተወደሰለት፣ አንዱ ተመለሰበት። አለበልም ነገረ፤ የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰልፉ አልቆ ምስጋናው ብቻ ቀረ።

«ተራው የማን ነው?» አሉ የኔታ።

«የእኔ ነው፣ የኔታ።»

«ድምፅህ አዲስ ነው። ከየት መጣህ?»

«ከማርቆስ። አስተማሪ ነኝ።»

«አስተማሪም ይማራል፣ ደግ አድርገሃል። በል ንገረን።»

ምስጋናው ዙሪያውን አየ። ተማሪው ሁሉ ጆሮውን አቁሟል። «ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁ» አለ።

«ማንን?»

«አለበልን።»

«ምን ብለኸው?»

«ሌባ ብዬው።»

«ሰርቆ?»

«አልሰረቀም።»

«ማን ሰርቆ?»

«ማንም አልሰረቀ። እኔው ነኝ ያስቀመጥሁት።»

ከተማሪዎቹ አንዱ ሳቁን በደበሎው አፈነ። የኔታ አልሳቁም። «የት ሆነህ ነው ያልኸው?»

«ክፍል ውስጥ።»

«ሰው ነበረ?»

«ነበረ። ሰባ ይሆናል።»

«ከነዚያ ውስጥ ዛሬ እዚህ ያለ አለ?»

«አለበል ብቻ ነው።»

የኔታ፣ የሰነፍ ተማሪ ቅኔ እንደሚመልሱት አድርገው፣ «ቤት አይመታም» አሉ። «ሌላ ተራ የቀረው አለ?»

አልነበረም፤ ተነሥተው ገቡ።

ያን ምሽት አለበል መምህሩን ጎጆው ወሰደው። ከመንደር ለምኖ ካመጣው እንጀራ ደረቁን ለራሱ አስቀርቶ ለስላሳውን ለእሱ ሰጠው። ምስጋናው የተሰጠውን በላ። የክፍሉን አንደኛ ተማሪ እንደ ገና ለማኝ ያደረገው እሱ እንደ ሆነ ማንም አልነገረውም። መናገርም አያስፈልግም ነበር፤ አፈረ፣ በጣም አፈረ።

በማግሥቱ ጧት አለበል ሊሸኘው ወጣ። መንገዱ ወደ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት ሲደርሱ ቆሙ።

«ቃሉን መዝገበ ቃላት ላይ ፈልጌ አየሁት፣ ቲቸር» አለ አለበል። «ጥሩ ቃል ነው። ምን እንዳሉኝ ገብቶኛል።»

«ታዲያ ከገባህ ለምን ሄድህ?»

«የገባኝ ለእኔ ብቻ ነዋ። አከራዬ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ እኔ በግቢው ሳልፍ ግን እህል ያለበትን ቤት መቆለፍ ጀመረች። ድሮ ቁልፉን የምትሰጠኝ ለእኔ ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ የእኔ ከእነ ሕይወቴ ሄደ።»

ምስጋናው ይህን ሲሰማ የመረጠውም ያልመረጠውም ቃል ሁሉ ጠፋው። ጎንበስ አለና የአለበልን ጉልበት ሊይዝ እጁን ዘረጋ። «ስለ እግዚአብሔር ብለህ...» ብሎ ጀመረ።

አለበል ሁለት እጁን ይዞ አቆመው። «እዚህ አይበሉኝ፣ ቲቸር። እባክዎ። በእግዚአብሔር ስም ከጠየቁኝ ይቅር ማለቴ አይቀርም፤ ዲያቆን ነኝ፣ እንቢ አልልም። እዚህ ይቅር ካልሁዎ ነገሩ አለቀ። እዚያ ግን ሌባ ሆኜ እቀራለሁ።»

ምስጋናው ቀና አለ። «እንግዲያ ና። ምዝገባው ረቡዕ ይዘጋል።»

«መጥቼ በምን ሊሉት ነው?»

«በአማርኛ።»

አለበል ወደ ቁልቁለቱ አየ። እመጣለሁም አልመጣምም አላለም። «መንገድዎ ይቅና» ብሎ ተመለሰ።

ሰኞ መቀመጫው ባዶ ነበር። ማክሰኞም ባዶ ነበር። ምስጋናው ሁለቱንም ቀን ስለ ዝናብ በሚያወሩት ሁለት እንግሊዞች አስተማረ፤ ድንጋዮቹን ከኪሱ አውጥቶ ቴፗ ሆድ ውስጥ መልሷቸው ነበር፣ ያጉረመርማሉ እንጂ ይሠራሉ። አለበል በሌለበት ቢናገረው በቀለለው። ስለሚቀል አልተናገረም።

ረቡዕ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ከተጀመረ በኋላ በሩ ተንኳኳ። አለበል አቧራ ለብሶ ቆሟል። «ኤክስኪዩዝ ሚ ቲቸር፣ ሜይ አይ ካም ኢን?» አለ። ቃሏ ቦታዋን አልሳተችም። ከወደ ኋላ አንድ ሰው በለሆሳስ «አፖሎጃይዝ መጣ» አለ፤ ጥቂቶች ሳቁ። አለበል ሄዶ ቦታው ተቀመጠ።

ምስጋናው ሰሌዳውን ጠረገ። ምንም አልጻፈበትም። ተማሪዎቹ ብዕራቸውን ይዘው እንግሊዝኛውን ይጠብቃሉ። ጠመኔውን አስቀመጠ፣ እጆቹን ከጀርባው አጣመረ፣ አየር ሳበ።

«የቴፑን ድንጋይ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «ፀሐይ ላይ አስጥቼ ረሳሁት።»

ትንፋሹ እዚህ ላይ አለቀ። ዝም አለ። ተማሪውም ሁሉ እንደለመደው ደረቱን ነፍቶ፣ «የቴፑን ድንጋይ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ረሳሁት» ብሎ አስተጋባ።

ብለው ሲያበቁ ነው አማርኛ መሆኑ የገባቸው። የሚስቅ ሳቀ፣ የደነገጠ ጎረቤቱን አየ። ምስጋናው ተዉ ሊላቸው ይችል ነበር። እጁ ከጀርባው አልተፈታም፣ አልመራቸውም፣ አልከለከላቸውምም። ከዚህ ወዲያ ካፈርሁ አይመልሰኝ ነው።

«አለበል ሌባ አይደለም» አለ።

«አለበል ሌባ አይደለም።» ይህ ከመጀመሪያው ጠራ። በቀጣዩ ክፍል የታዲዮስ ድምፅ ቆመ።

«ሌባ ያልሁት በሐሰት ነው።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ወረደ። መምህሩ ብቻ አልነበረም የሰደበው፤ ውኃ ቧንቧው ጋ የሰደበ፣ በበሩ ላይ የሰደበ፣ ከደቂቃ በፊት ከወደ ኋላ የሰደበ ሁሉ እዚያው ተቀምጧል። ጥቂቶቹ ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቀሱ። ቢሆንም ሁሉም አሉት፤ አንዳንዱ ወደ ዴስኩ አቀርቅሮ ነው ያለው። ከአለበል ጎን የሚቀመጠው ልጅ ፊቱን ወደ እሱ አዞረ።

ምስጋናው እስከ አሁን ሰሌዳውን ተደግፎ ነበር። ለቀቀውና በዴስኮቹ መካከል አልፎ አለበል ፊት ደረሰ፤ ጎንበስም አለ። «አለበል» አለ፣ «ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለኝ።»

ማንም ደረቱን አልነፋም። የተዝረከረከ ዙር ነበር፤ አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ፣ አንዷ ልጅ እያለቀሰች፣ «አለበል፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለኝ» አሉ። አልደገሙትም።

አለበል ተነሥቶ ቆመ። መምህሩን ትከሻውን ይዞ ቀና አደረገው። ክፍሉን ከፊት እስከ ኋላ አየ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ።

ሰባ አፍ ተከፈተ። ምስጋናው ከጀርባው አንድ እጁን ፈታና ወደ ላይ አነሣ፤ ይህች ቃል የአለበል ብቻ ነበረችና። አፋቸውን ገጠሙ።